ሱቅ ውስጥ የደንበኛን እንቅስቃሴ በስልኩ ዋይፋይ የሚከታተል ዕቃ ደሴ ላይ የሞከረ አለ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ አለኝ። ታች ጫማና ቦርሳ ነው። ላይ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና መጋረጃ። ሰው ታች ይገባል፣ ያያል፣ ዋጋ ጠይቆ ይወጣል። ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። ኪራዩ ግን ለሁለቱም ፎቅ ነው የሚከፈለው።

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ልጆች መጡ። መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን ይዘዋል። ታች ሦስት፣ ላይ ሦስት ጣሪያ ላይ ሰቀሉልኝ። ለሙከራ ነው፣ በነጻ። አሠራሩን ሲያስረዱኝ፣ ዋይፋይ የበራበት ስልክ ሁሉ ኔትወርክ ሲፈልግ ሲግናል ይልካል፣ ሳጥኖቹ ያንን ይቀበላሉ፣ ከሲግናሉ ጉልበት ተነስተው ስልኩ የት እንዳለ ያሰላሉ አሉኝ። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ የሱቁ ካርታ ይመጣል። ሰው የበዛበት ቀይ፣ ሰው ያጣው ሰማያዊ። ሂት ማፕ ነው ስሙ። ማን ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ሁሉ ያወጣል።

አሁን የዓመት ክፍያ ጠየቁኝ። ቀላል ብር አይደለም። በእውነት ይሠራል ወይ? ደግሞስ ደንበኛ ቢሰማ ምን ይላል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት

በነጻ ብለው ሲሰቅሉ ዝም ያልክ ቀን ነው ሒሳቡ የተጀመረው። ሃሃ። የሚያውቅ እስኪመጣ እኔም እጠብቃለሁ።

ነጭ ገመድ (ኮምቦልቻ)

ሥራዬ ኔትወርክ ዝርጋታ ነው። ሆቴልም መጋዘንም እሠራለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የነገሩህ ነገር መሠረቱ እውነት ነው። ዋይፋይ የበራ ስልክ ከማንም ጋር ባይገናኝም በየጊዜው «የማውቀው ኔትወርክ አለ?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ላይ ማክ አድራሻ የሚባል መለያ አለ። 12 ሆሄና ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አምራቹን ይናገራሉ፣ የቀሩት 6 የዚያ ስልክ ብቻ ናቸው። ድሮ ይህ መለያ አይቀየርም ነበር። ያኔ አንድ ሱቅ የገባ ስልክ ከወር በኋላ ቢመለስ ሳጥኑ ያውቀው ነበር። ይህ ንግድ ውጭ አገር የተጧጧፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የስልኩን ቦታ ማወቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ሳጥን ስልኩ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አያውቅም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የሲግናሉን ጉልበት አነጻጽረው ይገምታሉ። በጨለማ የሰው ድምፅ ሰምቶ ርቀቱን እንደመገመት በለው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አጠገብህ ሆኖ ሩቅ ይመስልሃል። ስልክም ኪስ ውስጥ ሲሆን፣ ቦርሳ ውስጥ ሲሆንና እጅ ላይ ሲሆን አንድ ቦታ ቆሞ ሦስት ቦታ ይመስላል። በዚያ ላይ የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ሰው አካል ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል። ሱቁ በሞላ ቁጥር ግምቱ ይበላሻል። ማለትም ለማወቅ በምትጓጓበት ቀን ነው የሚያሳስትህ።

በዚህ አሠራር ከ5 እስከ 10 ሜትር መሳት የተለመደ ነው። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች አውቃቸዋለሁ። የብዙዎቹ ወርድ ራሱ ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ «ጫማው ጋ ቆመ» የተባለው ሰው ቦርሳው ጋ ሊሆን ይችላል፣ በር ላይም ሊሆን ይችላል።

የተሻለ የለም እንዳትሉ፣ አለ። ጉልበት ሳይሆን ጊዜ የሚለካ። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያንን የሚለካ ዕቃ ስልኩም ሳጥኑም ውስጥ መኖር አለበት። በፈረንጆቹ 2018 አንድሮይድ 9 ላይ የገባው አሠራር ስህተቱን ወደ 1 ወይም 2 ሜትር ያወርደዋል። አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው ደግሞ በሳንቲ ሜትር ያወራል። አይፎን 11 ላይ በ2019 ገብቷል። ግን ሁለቱም የስልኩን ባለቤት ትብብር ይፈልጋሉ። በዝምታ የሚሠሩ አይደሉም። ደግሞ የደንበኞችህ እጅ ላይ ያለው ቴክኖና አይቴል ነው። ከነሱ አልትራ ዋይድባንድ አትጠብቅ።

እሙ ሐያት

እኔ መጋረጃ ልገዛ ነው የምገባው። ስልኬን ማን ጠየቀው? ወላሂ እንዲህ ያለ ሱቅ መሆኑን ባውቅ እግሬን አላነሳም። ወንድሜ፣ አንተስ እህትህ ሌላ ሰው ሱቅ ገብታ እንዲህ ብትደረግ ትወዳለህ? ለመሆኑ ስሜንስ ያውቃል? ስልክ ቁጥሬንስ?

ነጭ ገመድ

ለእሙ ሐያት፦ ከአየር ላይ በሚለቅመው ብቻ ስምሽንም ስልክ ቁጥርሽንም አያውቅም። ማክ አድራሻና ስልክ ቁጥር የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ሱቁ ነጻ ዋይፋይ ሰጥቶ «ለመግባት ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ካለሽ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ከዚያ በኋላ ካርታው ላይ የምትንቀሳቀሰው ነጥብ አንቺ ነሽ። ይህን ገጽ ሆቴሎችና ካፌዎች ላይ ያላየ የለም። ቁጥር የሚጠይቅ ነጻ ዋይፋይ ሲያጋጥምሽ ትንሽ ቆም በዪ።

እሙ ሐያት

ስልኬ ላይ የካፌዎች ሁሉ ዋይፋይ ነው ያለው። ሱብሃነላህ። እንዴት ነው የሚጠፋው?

ነጭ ገመድ

ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ገብተሽ የማትፈልጊውን ኔትወርክ «ፎርጌት» ማለት ነው። ከቤት ስትወጪ ደግሞ ዋይፋዩን አጥፊው። ባትሪም ይቆጥብልሻል። አንድ ነገር ልብ በዪ፣ አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ዋይፋይ ጠፍቶም ለሎኬሽን ሲል መፈተሹን አይተውም። ሎኬሽን ውስጥ «ዋይፋይ ስካኒንግ» የሚል አለ፣ እሱንም ዝጊው።

የጦሳ ልጅ

እሙ ሐያት፣ እህቴ፣ ቅሬታሽ ገብቶኛል። ለዚህም ነው ከመክፈሌ በፊት የጠየቅሁት።

ነጭ ገመድ፣ ካርታውን እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁት። ጉዱን ልንገራችሁ። ከሁሉ በላይ የቀላው የካሸሯ ጥግ ነው። ልጆቹ «ይኸው፣ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል፣ ውዱን ቦርሳ ወደዚህ አምጣው» ብለውኝ ነበር። እዚያ ጥግ ያለው ግን ሶኬት ነው። ከባንኮው ሥር ረጅም ማከፋፈያ አለ። የእኛ ልጆች ስልክ፣ የዘበኛው፣ የጎረቤት ልብስ ሰፊው ሁሉ እዚያ ነው የሚሰካው። ጄኔሬተር ስላለን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ቻርጀሩን ይዞ ወደኛ ይመጣል። መብራት የጠፋ ቀን ደንበኛዬ ብዛቱ ለጉድ ነው!

ሁለተኛው ቀይ የግራው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጀበና ቡና አለ። አቦል እስከ በረካ ቁጭ የሚለው ሁሉ መጋረጃዬን ሲያደንቅ የዋለ ሆኖ ተመዝግቧል። «አማካይ የቆይታ ጊዜ ጥሩ ነው» ያሉኝ ለካ ቡናው ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት

ቡና ቤቷን ግማሽ ክፍያ አስከፍላት።

ቡቲክ ነኝ (ሙጋድ)

እኔ ሻጭ ነኝ፣ ሙጋድ አካባቢ ልብስ ቤት። ላይ ለምን እንደማይወጡ ያለ ሳጥን ልንገርህ? ሱቅህን ሳላውቀው አይቀርም። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መዞሪያው ላይ አምፖል የለም። ልጅ ያዘለች ሴት ያንን አትወጣም። ጉልበቷን የሚያማት እናት አትወጣም። ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚገዛው ደግሞ ማን ነው? እነሱ ናቸው።

ሌላም አለ። እናትና ልጅ አብረው ሲገቡ አስተውሉ። ስማርት ስልክ የያዘችው ልጅ ናት። እሷ ትዞራለች፣ ትነካለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ለጓደኛዋ በቴሌግራም ትልካለች። እናትየው በር ላይ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። ብሩ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ያለው እሷ ጋ ነው። መጨረሻ ላይ «አምጪው እስቲ ልየው» የምትለዋ ናት የምትገዛው። ያንተ ካርታ ላይ ልጅቷ ቀይ ሆና ትታያለች። እናትየዋ የለችም። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሸጠው ለወንበሯ ነው። ጨርቁን ይዤ እሷ ጋ እሄዳለሁ።

ሐጂ (አራዳ)

ልጄ፣ የቡቲኳ ልጅ የጻፈችው ልክ ነው። እኔ አራዳ ዕድሜዬን ሙሉ ነግጃለሁ። ልጄ ነው ይህን የሚጽፍልኝ። ሰኞ ዕለት ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ የሚመጣው ሰው ቁልፍ ያለው ስልክ ነው የያዘው። ብዙው ያንንም አልያዘም። እሱን ሳጥንህ አያየውም። ለእኔ ግን ዋናው ገበያተኛ እሱ ነው። ፎጣም ብርድ ልብስም ሲገዛ ለራሱ ብቻ አይገዛም፣ ለቤተሰብ ይወስዳል።

ሰው ስንት ገባ ካልክ ዘበኛህን ጠጠር አስቆጥረው።

የጦሳ ልጅ

ሐጂ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሰኞ ዕለት ሽያጩ ከሌላው ቀን ይበልጣል፣ ካርታው ላይ ግን ሰኞ ከማክሰኞ ያን ያህል አይለይም። ለምን እንደሆነ ሲከነክነኝ ነበር።

ዳታ ወዳጅ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ)

ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን አደላችሁ። ቴክኖሎጂውን በአንድ ሱቅ ሶኬት አትፍረዱበት። ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ስህተቱ ይዋጣል። የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ላይ በ54 የምድር ባቡር ጣቢያዎች ለ4 ሳምንት ሞክሮታል። ከ5.6 ሚሊዮን ስልኮች መረጃ ሰበሰበ። ትኬቱ የሚነግራቸው ሰው የት ገብቶ የት እንደወጣ ብቻ ነበር። በመሀል በየት እንዳለፈ አያውቁም። በዋይፋዩ ግን ከኪንግስ ክሮስ ወደ ዋተርሉ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 18 የተለያየ መንገድ እንደሚጠቀም አዩ። ይህን ምንም ዓይነት ዘበኛ በጠጠር አይቆጥረውም።

ደግሞ ካሜራ የሌለው ሱቅ አለ እንዴ? ካሜራ ፊትህን ያያል። ይኼ የሚያየው ቁጥር ነው። ለካሜራው ያላለቀስን ለቁጥሩ ምን አስለቀሰን?

እሙ ሐያት

ካሜራውን አየዋለሁ። ካልወደድኩት እወጣለሁ። ይኼን በየት በኩል ልየው?

ነጭ ገመድ

ዳታ ወዳጅ፣ የለንደኑ ምሳሌ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ዘለልክ እንጂ። እነሱ በየጣቢያው ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር፣ «መመዝገብ ካልፈለጋችሁ ዋይፋያችሁን አጥፉ» ብለው። ደግሞም በአብዛኛው የቆጠሩት ከጣቢያው ዋይፋይ ጋር የተገናኙ ስልኮችን ነው። እሱ ወሳኝ ነጥብ ነው፣ ላብራራው።

በፈረንጆቹ 2014 አፕል አይኦኤስ 8 በሚባለው የአይፎን ሶፍትዌር ላይ አንድ ነገር ቀየረ። ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ እውነተኛውን ማክ አድራሻ ትቶ ለጊዜው የተፈጠረ አድራሻ መላክ ጀመረ። በ2019 አንድሮይድ 10 ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝም የተፈጠረ አድራሻ መጠቀምን መደበኛ አደረገው። አፕልም በ2020 በአይኦኤስ 14 ይህንኑ አመጣ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ሱቅህ ገብቶ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ነገ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ሰው ነው። «ተመላሽ ደንበኛ» የሚለው የሪፖርታቸው ገጽ በዚህ ዘዴ ብዙም ዋጋ የለውም። ስልኩ ከአንድ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ግን ለዚያ ኔትወርክ በተለምዶ ያንኑ አድራሻ ይዞ ይቆያል። ለዚህ ነው ሻጮቹ አሁን አሁን «ነጻ ዋይፋይም አብራችሁ ስጡ» የሚሉት።

የጦሳ ልጅ፣ ጥሬውን ዳታ ሰጥተውህ ከሆነ ራስህ ልታረጋግጥ ትችላለህ። ከእያንዳንዱ አድራሻ ከግራ ሁለተኛዋን ሆሄ ተመልከት። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነች አድራሻው ከፋብሪካ የወጣ አይደለም፣ ስልኩ የፈጠረው ነው።

የጦሳ ልጅ

እሺ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። በኤክሴል ልከውልኛል።

ወሎዬ ነኝ (አሜሪካ)

ከሩቅ ሆኜ ላዋጣ። እዚህ አገር ኖርድስትሮም የሚባል ትልቅ የልብስ መደብር ይህንኑ ሞክሮ ነበር። በ17 መደብሮቹ ውስጥ። ደንበኞች እንዲያውቁ በር ላይ ጽሑፍ ለጠፈ። ሰው ጽሑፉን ሲያነብ ቅሬታ በዛ። በፈረንጆቹ 2013 ግንቦት ላይ አቆሙት። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፣ ማስታወቂያው ስለተነበበ ነው።

ኖሚ የሚባል ደግሞ ለሱቆች ይህን አገልግሎት የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። በ2013 የመጀመሪያዎቹ 9 ወራት ብቻ ወደ 9 ሚሊዮን ስልኮች መዝግቧል። «መመዝገብ የማይፈልግ በድረ ገጻችንም፣ በሱቁም እንቢ ማለት ይችላል» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ግን እንቢ የሚባልበት ነገር አልነበረም። ሰውም በየትኛው ሱቅ እንደሚከታተሉት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሰሰውና በ2015 በስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፣ የተያዘው በመከታተሉ አይደለም። ቃሉን ባለመጠበቁ ነው።

ለንደንም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ላይ ሳይቀር ገጥመውት ነበር፣ በ2013። የአላፊ አግዳሚውን ስልክ ሲለቅም የከተማው አስተዳደር አስቁሞታል።

ሐረጎ ቁልቁለት

ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስልክ የሚከታተልበት አገር። እኛ ጋ መጀመሪያ ማጠራቀሚያው ይምጣ።

ሚዛን (የሕግ ባለሙያ)

የሕግ ጎኑን ማንም ስላላነሳው ልግባበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፣ ይህ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአጭሩ፣ የሰውን መረጃ የምትሰበስብ ከሆነ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖርህ ይገባል፣ ለምን እንደምትሰበስብ ማሳወቅ አለብህ፣ ከሚያስፈልግህ በላይ መያዝ የለብህም።

«ማክ አድራሻ ስም የለውም፣ የግል መረጃ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳል። በእኔ ንባብ አያዋጣም። ስም ባይኖርም አንድን ሰው ለይቶ የሚከተል ከሆነና ከሌላ መረጃ ጋር ሲገጣጠም ማንነቱን የሚያወጣ ከሆነ ከግል መረጃ አይወጣም። እሙ ሐያት የጠየቀችው የነጻ ዋይፋይ ነገር ላይማ ጭራሽ ክርክርም የለው።

ሌላው፣ «ሳጥኑን የሰቀሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ ምን አገባኝ» ማለት አይሠራም። መረጃው እንዲሰበሰብ የፈቀድከው፣ የምትጠቀምበትም አንተ ነህ። ውል ከመፈረምህ በፊት ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ለሌላ ሱቅ ይሸጥ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው። በቃል አትቀበል።

የጦሳ ልጅ

ጠየቅኋቸው፣ ስልክ ደውዬ። «አድራሻውን እናመሰጥረዋለን፣ ስለዚህ ማንም ሊያውቀው አይችልም» አሉኝ። በጽሑፍ ስል ግን «እንልካለን» ብለው ዝም ብለዋል።

ነጭ ገመድ

ማመስጠር ያሉት አድራሻውን በቀመር ወደ ሌላ ረጅም ቁጥር መለወጥ ነው። ችግሩ የሚቻሉት አድራሻዎች ውስን መሆናቸው ነው። የአምራቹ 6 ሆሄ ይታወቃል። የቀሩት 6 የሚሰጡት 16.7 ሚሊዮን ገደማ አማራጭ ነው። ሁሉንም በቀመሩ አሳልፎ የትኛው እንደሚገጥም ማየት ለተራ ላፕቶፕ የሴኮንዶች ሥራ ነው። ቁልፍ፣ ማለትም ሚስጥራዊ ቁጥር፣ ቀመሩ ላይ ጨምረውበት ከሆነ ይከብዳል፣ ግን ቁልፉ ያለው እነሱው ጋ ነው።

ሚዛን

ፈረንሳይ ውስጥም ይኸው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ጄሴዴኮ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ፓሪስ አጠገብ ላ ዴፋንስ ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ የእግረኛ ስልክ ሊቆጥር ፈቃድ ጠየቀ። አድራሻውን ቀይረን ነው የምንይዘው አለ። የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው በፈረንጆቹ 2015 ከለከለው፣ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2017 አጸናው። ምክንያቱ አንድን ሰው ለይቶ መከተል አሁንም ይቻላል የሚል ነው። የኛ አገር ሕግ አይደለም፣ ግን አስተሳሰቡን ያሳያል።

ዳታ ወዳጅ

እሺ፣ ማመስጠሩ እንደማያስተማምን ተቀብያለሁ። ግን ነጋዴው ምንም ሳያውቅ ይነግድ ነው የምትሉት? ትልልቁ መደብር ሁሉን ያውቃል፣ የደሴው ሱቅ በግምት ይኖራል። ይኼስ ፍትሕ ነው?

ቡቲክ ነኝ

በግምት አይደለም የኔ ወንድም። ቀኑን ሙሉ ቆመን እናያለን። የጠየቀን የለም እንጂ። አሠሪዬ አንድ ቀን «የቱ ቀለም ነው የሚጠየቀው?» ብሎኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ሄዶ ደስ ያለውን ጭኖ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ሰው ሁሉ ወፍራም ብርድ ልብስ እያለ ሲመለስ እኛ ጋ የተደረደረው ስስ ነው። ከደሴ ብርድ ጋር እኮ ነው የምንኖረው!

የጦሳ ልጅ

ኤክሴሉን አየሁት። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ። ሁለተኛዋ ሆሄ ከሞላ ጎደል በሙሉ 2፣ 6፣ ኤ እና ኢ ናት። ነጭ ገመድ እንዳለው ነው።

እውነተኛ የሚመስሉት ጥቂቶች ቀን በቀን የሚደጋገሙ ናቸው። ከነሱ አንዷን ተከታተልኳት። ጠዋት ስንከፍት አለች፣ ማታ ስንዘጋም አለች። እሑድም አለች። በሪፖርታቸው «ታማኝ ደንበኛ» ተብላ ከላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያዎቹን 6 ሆሄዎች ለነጭ ገመድ በውስጥ መስመር ላክሁለት።

ነጭ ገመድ

የፕሪንተር አምራች ነው። አጠገብህ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ?

የጦሳ ልጅ

አለ። በቀኝ በኩል፣ ግድግዳ ለግድግዳ።

ሐረጎ ቁልቁለት

ለታማኝ ደንበኛህ ቅናሽ አድርግላት እንጂ። ቢያንስ ቶነር ግዛላት።

ሐጂ (አራዳ)

ልጄ አንብቦልኝ እስካሁን እየሳቅሁ ነው። አላህ ያሳቅህ።

የጦሳ ልጅ

ሳጥኖቹን እንዲያወርዱ ነግሬያቸዋለሁ። ዋጋውን በግማሽ እንቀንስልህ አሉ። ግማሹም ለፕሪንተር ብዙ ነው። የሰበሰቡትን እንዲያጠፉልኝ በኢሜይል ጽፌያለሁ፣ ሚዛን እንዳለው በጽሑፍ። ደረጃው ላይ መብራት አስገብቻለሁ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብርድ ልብስ ታች በር አጠገብ አውርጄ፣ ሁለት ወንበር ጨምሬያለሁ። ልጆቹ ደብተር ይዘው የተጠየቀውንና ያልነበረውን እንዲጽፉ ተስማምተናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ «የሕፃን ብርድ ልብስ» ተጽፏል። እኔ ጋ እሱ የለም።

የገባውን ሰው ለመቁጠር ግን አሁንም የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። ጠጠሩን ዘበኛው እንቢ ብሏል።

ነጭ ገመድ

በር ላይ የሚገጠም የኢንፍራሬድ መቁጠሪያ አለ። ጨረሩን ሲያቋርጡ ይቆጥራል፣ ስልክ ይያዙ አይያዙ ግድ የለውም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከገባ አንድ ይላል፣ ሕፃንና ዘበኛም ይቆጥራል። ቢሆንም ሰኞን ከማክሰኞ ለማነጻጸር በቂ ነው። ማንንም ለይቶ አይከተልም።

በርበሬ ወንዝ (ኮምቦልቻ)

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ኮምቦልቻ ሱፐርማርኬት አለኝ፣ ከደሴው ሱቅ ይሰፋል። መደርደሪያዎቹ መሀል ሰው የት እንደሚያልፍ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የኋላው ረድፍ ላይ ያለው ዕቃ ሳይሸጥ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፍብኛል። የሰው ስልክ ሳይነካ የሚሠራ ነገር የለም?

ነጭ ገመድ

አለ። መለያውን ቅርጫቱ ላይ አድርገው። የብሉቱዝ ቢከን ይባላል። ሳንቲም የምታክል ባትሪ ይዞ በየተወሰነ ጊዜ መለያውን ይልካል። ጣሪያ ላይ ያሉ ተቀባዮች ቅርጫቱ የት እንዳለ ይገምታሉ። ቅርጫቱ ስምም ስልክም የለውም፣ በሩ ጋ ሲመለስ ጉዞው ያበቃል። የእናትየዋም የልጅቷም እኩል ነው። የብረት መደርደሪያ ሲግናሉን ስለሚያንጸባርቅ ረድፍ እንጂ ትክክለኛውን መደርደሪያ አይነግርህም። ላንተ ጥያቄ ግን ረድፉ ይበቃል።

የአፕል አይቢከን በ2013 ሲወጣ ሰው የተጯጯኸው ለሌላ ነገር ነው። ቢከኑ ግድግዳ ላይ ሆኖ ይልካል፣ ስልኩ ውስጥ ያለው የሱቁ አፕ ተቀብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። አፕ ያልጫነ ሰው ምንም አይደርሰውም። ማን ነው ለአንድ ሱፐርማርኬት ብሎ አፕ የሚጭነው? ስለዚህ ያንን ተወው፣ ቅርጫቱን ያዝ።

በርበሬ ወንዝ

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል?

ነጭ ገመድ

በስንት ሴኮንዱ እንዲልክ እንዳደረግኸው ይለያያል። በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ከላከ በወራት ውስጥ ያልቃል። ረጋ ብሎ ከላከ ዓመት ያልፋል። ቅርጫት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ማስቸኮል አያስፈልግም። ባትሪው ሲአር 2032 ነው፣ የትም ይገኛል። መጀመሪያ ግን ቅርጫቶችህ በሙሉ መኖራቸውን ቁጠር።

በርበሬ ወንዝ

ሃሃ፣ ግማሹ ጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ሆኗል። አስመልሳለሁ። ቅዳሜ ብቅ ብለህ ቦታውን እይልኝ።

ነጭ ገመድ

ቅዳሜ ሐይቅ ሥራ አለኝ። እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ መሰላል ግን አዘጋጅልኝ።